በበረዶው ላይ የተቆጠሩ ድሎች፣ ሳይቆጠሩ የቀሩ ጉዳቶች

የ2024/25 የሴቶች ጃይንት ስላሎም የበረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ ዘመን በተጠናቀቀ ማግስት በየመገናኛ ብዙኃኑ ሁለት ስሞች ጎልተው ተነሥተዋል። የመጀመሪያዋ ጣሊያናዊቷ ፌዴሪካ ብሪኞኔ ናት፤ በ34 ዓመቷ የጃይንት ስላሎምን፣ የዳውንሂልንና የአጠቃላይ አሸናፊነቱን የክሪስታል ሉሎች በአንድ ዘመን ጠቅልላ ወስዳለች። ሁለተኛዋ አሜሪካዊቷ ሚኬላ ሺፍሪን ስትሆን፣ ከእርሷ በፊት ወንድም ሆነ ሴት ያልደረሰበትን 100ኛውን የዓለም ዋንጫ ድል ያስመዘገበችው በዚሁ ዘመን ነው። ሁለቱም ለደረሱበት ከፍታ ምስጋናና አድናቆት ይገባቸዋል።

ይሁንና ይህንኑ ዘመን ከመነሻው እስከ መድረሻው የተከታተለ ሰው ሌላ መዝገብ ማንበቡ አይቀርም። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና፣ በኦክቶበር መጨረሻ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት በጃይንት ስላሎም ልምምድ ላይ ወድቃ ሕይወቷን አጣች። በኖቬምበር የመጨረሻ ቀን ሺፍሪን ከመድረሻው መስመር ጥቂት ሲቀራት ወደቀች። በኤፕሪል መጀመሪያ ደግሞ ብሪኞኔ ራሷ፣ ዋንጫዎቿን ከተቀበለች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ እግሯ ተሰበረ። ሦስቱም አደጋዎች የደረሱት በአንድ ዘርፍ፣ በጃይንት ስላሎም ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ከዚሁ ይነሣል፦ ይህ ዘርፍ እንደ «መካከለኛ» ውድድር በመታየቱ ለፍጥነት ውድድሮች የሚሰጠውን ጥንቃቄ ተነፍጓል። የስፖርቱ ባለ አደራዎችም ድሎችን በቆጠሩበት ትጋት ጉዳቶቹን መቁጠር ይጠበቅባቸዋል።

ለበረዶ እንግዳ ለሆንነው አንባቢያን የዘርፉን ጠባይ በአጭሩ ማስረዳት ተገቢ ይሆናል። የአልፓይን ሸርተቴ ውድድር በአንድ ጫፍ ስላሎም፣ በሌላው ጫፍ ዳውንሂል አለው። በስላሎም በሮቹ ተቀራርበው ስለሚተከሉ ተወዳዳሪዋ በየቅጽበቱ መዞር አለባት፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ነው። በዳውንሂል በሮቹ ተራርቀው ይተከላሉ፣ ፍጥነቱም አስፈሪ ነው። ጃይንት ስላሎም በእነዚህ መካከል የሚገኝ ነው። ተወዳዳሪዋ ለከተማ መኪና እንኳ ከፍተኛ በሚባል ፍጥነት እየወረደች፣ በአንድ ጊዜ ከበር ወደ በር ትታጠፋለች። በእያንዳንዱ መታጠፊያ የሰውነቷን ክብደት በእጥፍ የሚበልጥ ጫና ጉልበቷ ላይ ያርፋል። ቁልቁለቱ ደግሞ በውኃ ተረጭቶ እንደ መስታወት እንዲጠጥር የተደረገ በረዶ ነው፤ የሸርተቴው የብረት ጠርዝ ያዘ ማለት መዳን፣ ከዳ ማለት መውደቅ ነው።

ውድድሩ በአንድ ቀን በሁለት ዙር ይካሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ከ30ኛ በላይ የወጡት ብቻ ወደ ሁለተኛው ያልፋሉ፤ በሁለተኛው ዙር በሮቹ በአዲስ አቀማመጥ ይተከሉና 30ኛዋ ቀድማ፣ አንደኛዋ በመጨረሻ ትወርዳለች። የሁለቱ ዙሮች ሰዓት ተደምሮ አሸናፊዋ ትለያለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የመራችው ሴት ሁለተኛውን ዙር የምትጀምረው ሌሎቹ በቆፈሩትና ባሻከሩት በረዶ ላይ፣ ሁሉም ዓይን በእርሷ ላይ አርፎ ነው። ለደፋርነትም ለጥንቃቄም በአንድ ጊዜ የሚጠራ ፈተና ነው ማለት ይቻላል።

ዘመኑ የተከፈተው ኦክቶበር 26 ቀን 2024 በኦስትሪያዋ ዞልደን ነበር። ብሪኞኔ አሸነፈች፤ ኒውዚላንዳዊቷ አሊስ ሮቢንሰን ሁለተኛ ወጣች። ብሪኞኔ በዚያ ድል በዓለም ዋንጫ ታሪክ እስከዚያ ቀን ካሸነፉ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋዋ ሆነች። በዚያ ቀን ግን ከውጤት ዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሌላ ድርጊት ተፈጽሟል። ያለፈውን ዘመን የአጠቃላይና የጃይንት ስላሎም አሸናፊነት ይዛ የመጣችው ስዊዘርላንዳዊቷ ላራ ጉት-ቤህራሚ ዝግጁ አለመሆኗን ገልጻ ከውድድሩ ራሷን አገለለች። ብዙዎች በግርምት ተመለከቷት። የአንድ ዘርፍ ንግሥት በመክፈቻው ቀን «ዛሬ አልወርድም» ማለቷ እንግዳ ነገር ነበርና።

ከሁለት ቀን በኋላ የሆነው ግን የግርምቱን ፊት ወደ ሐዘን ለወጠው። ማቲልዴ ሎሬንዚ የምትባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊት ተወዳዳሪ በቫል ሴናሌስ የበረዶ ግግር ላይ ጃይንት ስላሎም ስትለማመድ ክፉኛ ወደቀች። በሄሊኮፕተር ወደ ቦልዛኖ ሆስፒታል ብትወሰድም በማግስቱ ሕይወቷ አለፈ። በዚያ ቀን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ዋንጫም ሆነ ነጥብ አልነበረም። የነበረው ተራ የልምምድ ጠዋት ነው። ቤተሰቧ ሐዘኑን ታቅፎ ዝም አላለም፤ በልጃቸው ስም የሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ደኅንነት ለማሻሻል የሚሠራ ተቋም መሥርቷል። ልጁን የቀበረ ቤተሰብ የዓለም አቀፉን ስፖርት ሸክም በከፊል መሸከሙ ለቤተሰቡ ክብር ነው፤ ለስፖርቱ አስተዳዳሪዎች ግን ጥያቄ ነው።

ኖቬምበር 30 ቀን የዓለም ዋንጫው ወደ አሜሪካዋ ኪሊንግተን ተሻገረ። ሺፍሪን 99 ድሎች ነበሯት፤ በመጀመሪያው ዙር መሪ ሆና ጨረሰች፤ በገዛ አገሯ ሕዝብ ፊት መቶውን ልትሞላ ተቃርባ ነበር። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ አካባቢ ሸርተቴዋ ከዳት፤ ከበር ጋር ተላትማ እስከ መከላከያው መረብ ተንሸራተተች። ሆዷ አካባቢ ስለት ያለው ነገር እንደ ወጋው ዓይነት ጥልቅ ቁስል ደረሰባት፤ ጡንቻዋ ክፉኛ ተጎዳ፤ በዲሴምበርም ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት። የዕለቱን ውድድር ስዊድናዊቷ ሳራ ሄክቶር አሸነፈች። ቀጥሎ በካናዳዋ ሞን-ትራምብላን ሊካሄዱ የነበሩት ውድድሮች በአየር ጠባዩና በበረዶ እጥረት ተሰረዙ። በዲሴምበር መጨረሻ ብሪኞኔ በዜመሪንግ፣ በጃንዋሪ ሄክቶር በክራንስካ ጎራ፣ ሮቢንሰንም በክሮንፕላትስ እያሸነፉ ዘመኑ ቀጠለ።

የዘመኑ እውነተኛ ትምህርት የተገለጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሺፍሪን በጃንዋሪ መጨረሻ ወደ ስላሎም ተመለሰች። በፌብሩዋሪ በኦስትሪያዋ ዛልባህ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግን ከጃይንት ስላሎም ራሷን አገለለች። ልብ በሉ፤ በዚህ ዘርፍ የ2023 የዓለም ሻምፒዮን እርሷ ነበረች፤ የተወችው የራሷን ዘውድ ነው። ምክንያቱን አልሸሸገችም። ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሰቀቀን እንደያዛት፣ አካሏ ቢድንም አእምሮዋ በዚያ ፍጥነት ወደ በሮቹ መግባትን እንዳልፈቀደላት በአደባባይ ተናገረች። በዚያው ሻምፒዮና ከአገሯ ልጅ ከብሪዚ ጆንሰን ጋር በቡድን ጥምር ውድድር ወርቅ አግኝታለችና ይህ የስንፍና ወሬ ሊሆን አይችልም። በጃይንት ስላሎሙ ብሪኞኔ ወርቁን ወሰደች። ሮቢንሰን ብሩን ስታገኝ ለኒውዚላንድ በአልፓይን የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አስገኘች፤ ነሐሱ ለአሜሪካዊቷ ፓውላ ሞልትዛን ሆነ።

ከዚያ በኋላ በጣሊያኗ ሴስትሪዬሬ የሆነው በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። ፌብሩዋሪ 21 ቀን ሺፍሪን በጃይንት ስላሎም ተሰልፋ 25ኛ ወጣች። በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ዙር እንኳ ማለፍ ተሳናት። በሦስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 23፣ በስላሎም አሸንፋ 100ኛውን ድል አስመዘገበች። በሁለቱ የጃይንት ስላሎም ቀናት አሸናፊዋ ብሪኞኔ ነበረች። ዓለም ያስታወሰው ሦስተኛውን ቀን ብቻ ነው። ከሦስቱ ቀናት ግን ታላቅ ድፍረት የታየው በየትኛው ነው ቢባል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው ብዬ እከራከራለሁ። በዓለም ላይ ከማንም በላይ ያሸነፈች ሴት 25ኛ እንደምትወጣ፣ ምናልባትም እንደማታልፍ እያወቀች፣ የወጋት ዘርፍ መነሻ ላይ መቆሟ በቁጥር የማይለካ ነው። ፍርሃትን የካደ ሰው ደፋር አይባልም። ደፋር የሚባለው ፍርሃቱን በስሙ ጠርቶ፣ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅ ነው።

የመጨረሻው ፍልሚያ በማርች 25 ቀን በአሜሪካዋ ሰን ቫሊ ተካሄደ። የዘርፉ ሉል እስከዚያች ዕለት ባለቤቱ አልለየም ነበር፤ ሮቢንሰንና ብሪኞኔ ተቀራርበው ደረሱ፤ በመጨረሻም ሉሉ ለብሪኞኔ ሆነ። የዕለቱን ውድድር ያሸነፈችው ግን ማን መሰለቻችሁ? በመክፈቻው ቀን «ዝግጁ አይደለሁም» ብላ የተመለሰችው ጉት-ቤህራሚ ናት። በአምስት ወር ርቀት የቆሙት እነዚህ ሁለት ቀናት አንዱ ሌላውን ያስረዳሉ። በጊዜው መቆምን ያወቀች ሴት በጊዜው ማሸነፍ ችላለች።

ብሪኞኔ ከሰን ቫሊ ወደ አገሯ ተመለሰች። ኤፕሪል 3 ቀን በጣሊያን ብሔራዊ ሻምፒዮና፣ በቫል ዲ ፋሳ፣ በጃይንት ስላሎም ተሰልፋ ወደቀች። ከጉልበቷ በታች ያሉት የግራ እግሯ ሁለት አጥንቶች ተሰበሩ፤ የጉልበቷ ጅማትም ተበጠሰ። በሕይወቷ ካሳለፈችው የውድድር ዘመን ሁሉ ታላቁ የተዘጋው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ከእርሷ በፊት በ2021 የአጠቃላይ አሸናፊ የነበረችው ስሎቫካዊቷ ፔትራ ቭልሆቫ በጃንዋሪ 2024 በአገሯ በያስና በጃይንት ስላሎም ወድቃ ጉልበቷ በመጎዳቱ ይህንን ዘመን ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ውጭ አሳልፋለች። እንግዲህ ከ2021 ወዲህ አጠቃላዩን ሉል የወሰዱት ሴቶች ቭልሆቫ፣ ሺፍሪን፣ ጉት-ቤህራሚና ብሪኞኔ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ በዐሥራ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚሁ በአንድ ዘርፍ ክፉኛ ተጎድተዋል። ይህን ሁሉ «አጋጣሚ» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

በእርግጥ የሚቃወም ሰው ይኖራል። «ሸርተቴ አደገኛ ስፖርት ነው፤ አደጋውን ያወጣኸው እንደሆነ ስፖርቱም አብሮ ይወጣል» ይላል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ አይደለም ማለት አይቻልም። በፍጥነትና በጠጣር በረዶ ላይ የሚካሄድ ውድድር ሙሉ በሙሉ ከአደጋ ነፃ ሊሆን አይችልም፤ ተወዳዳሪዎቹም ይህን አውቀው የገቡ ናቸው። ነገር ግን ተወዳዳሪዋ የተቀበለችው የቁልቁለቱን አደጋ ነው፤ የአስተዳዳሪውን ቸልተኝነት የተቀበለችበት ውል የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ጉዳይ ሁሉ መሠረት ነው።

ለመሆኑ ምን ሊደረግ ይችላል? አንደኛው ጉዳይ መሣሪያ ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ከዚሁ ከ2024/25 ዘመን ጀምሮ በዓለም ዋንጫ የፍጥነት ውድድሮች፣ ማለትም በዳውንሂልና በሱፐር-ጂ፣ በልብስ ሥር የሚለበሰውን የአየር ከረጢት ግዴታ አድርጓል። ለጃይንት ስላሎም ግን ይህ ግዴታ አልተጣለም። የሚቀርበው ምክንያት መሣሪያው በፈጣን መታጠፍና በበር ግጭት ሊሳሳትና ያለ ጊዜው ሊነፋ ይችላል የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት ከሆነ መደምደሚያው «እንግዲያውስ ይቅር» መሆን አልነበረበትም፤ ለዘርፉ የሚስማማ መሣሪያ እንዲሠራ ገንዘብና ጊዜ መመደብ ነበር። ለፍጥነት ውድድሮች የተሠራው መሣሪያም ቢሆን ተፈልጎ፣ ተሞክሮና ተሻሽሎ ነው እዚህ የደረሰው።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የልምምድ ቁልቁለት ነው። በዓለም ዋንጫ ቀን መረቡ ድርብ ነው፤ ዳኞች ቁልቁለቱን ይመረምራሉ፤ ሐኪሞችና ሄሊኮፕተር ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በልምምድ ጠዋት ግን የመረቡ ብዛትም ሆነ የቁልቁለቱ ዝግጅት በአሠልጣኙ አቅምና በስፍራው ባለቤት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዲት ተወዳዳሪ በዓመት የምትወዳደርባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ የምትለማመድባቸው ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ጥበቃው የበዛው በጥቂቶቹ ቀናት፣ የሳሳው በብዙዎቹ ቀናት ከሆነ ሥርዓቱ የሚጠብቀው ተወዳዳሪዋን ሳይሆን ትርኢቱን ነው ለማለት ያስደፍራል። የሎሬንዚ ሞት ይህን ሊያስታውሰን ይገባል።

ሦስተኛው ዕረፍት ነው። ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ለወጣቶች ትልቅ ዕድል ስለሆኑ ዋጋቸው አይናቅም። ሆኖም ከኦክቶበር እስከ ማርች ከአህጉር አህጉር ስትወርድ የከረመች ተወዳዳሪ ከመጨረሻው የዓለም ዋንጫ ውድድር በኋላ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት በሙሉ ክብር የማረፍ መብት ሊኖራት ይገባል። ድካም ብሪኞኔን ጣላት ማለት አይደለም። የደከመ አካል ከወደቀ በኋላ ዕረፍትን ከማሰብ ግን ሳይወድቅ ማሰብ ይሻላል፤ አባቶቻችን «ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

አራተኛው የአእምሮ ቁስል ነው። የጉልበት ጅማት የተበጠሰባት ተወዳዳሪ ስትቀር ማንም «ለምን?» አይላትም፤ ፎቶግራፉ በቂ ምስክር ነው። አእምሮዋ የተጎዳባት ግን ማስረጃ ማቅረብ የሚጠበቅባት ይመስላል። በዚህ ላይ ውጤቷ ሲወርድ የመነሻ ተራዋም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘግይታ በወረደች ቁጥር በተቆፈረና በሻከረ በረዶ ላይ ትወርዳለች። ይህም ማለት ፍርሃቷን ልታሸንፍ የምትሞክር ሴት ይበልጥ ወደሚያስፈራ ቁልቁለት ትላካለች። በሥርዓቱ ውስጥ ለአካል ጉዳት የሚሰጠው ጥበቃ በሐኪም ለተረጋገጠ የአእምሮ ጉዳትም በእኩል ሊሰጥ ይገባል። ሺፍሪን ስሟ ስለገነነ ቃሏ ተሰማ። 60ኛ የምትወጣው ወጣት ግን ያንኑ ቃል ብትናገር ማን ይሰማት ይሆን?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ጉዳዩን ከአልፕስ ተራሮች አሻግሮ ወደ እኛ አካባቢ ያመጣዋል። ጃይንት ስላሎም ከስላሎም ጋር በመሆን ለበረዶ አዲስ ለሆኑ አገሮች የክረምት ኦሎምፒክ መግቢያ በር ሆኖ ቆይቷል። ኢራናዊቷ ማርጃን ካልሆር በ2010 በቫንኩቨር ለአገሯ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ስትሰለፍ ከተወዳደረችባቸው አንዱ ይኸው ዘርፍ ነበር። የማዳጋስካሯ ሚያሊቲያና ክሌር በ2018 በፒዮንግቻንግ ተሰልፋበታለች። በወንዶቹም በኩል የኤርትራው ሻነን-ኦግባናይ አበዳ በ2018፣ የሳዑዲ ዓረቢያው ፋይቅ ዓብዲ ደግሞ በ2022 ለየአገሮቻቸው የመጀመሪያ የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች ሆነው የቀረቡት በዚሁ በጃይንት ስላሎም ነው። እነዚህ ተወዳዳሪዎች እንደ ጣሊያን ወይም እንደ ስዊዘርላንድ ብዙ አሠልጣኝ፣ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ አይከተላቸውም። ለታላላቆቹ የላላ ደንብ ለታናናሾቹ ጭራሹን የለም ማለት ነው። መግቢያው በር አስተማማኝ ካልሆነ፣ ከበረዶ አገር ያልተወለደች ልጅ ወደዚህ ስፖርት እንድትገባ መጋበዝ ቅንነት የጎደለው ግብዣ ይሆናል።

ከ2024/25 ዘመን ቀጥሎ የመጣው ክረምት የኦሎምፒክ ክረምት ነበር። በፌብሩዋሪ 2026 የሴቶቹ ጃይንት ስላሎም በጣሊያኗ ኮርቲና ቁልቁለት ተካሂዷል። ዞልደን ግን በኦክቶበር እንደገና ይከፈታል፤ ከዞልደንም በፊት በየበረዶ ግግሩ ላይ፣ ካሜራ በሌለበት፣ ስማቸው ገና ያልታወቀ ልጃገረዶች በማለዳ ተነሥተው ይለማመዳሉ። የስፖርቱ አስተዳዳሪዎች ያለፈውን ዘመን በእውነት ሊያከብሩት ከፈለጉ ለብሪኞኔ ዋንጫዎችና ለሺፍሪን መቶ ድሎች የሚያዘጋጁት ድግስ አይበቃም። በነዚያ ቁልቁለቶች ላይ መረቡ ተዘርግቶ፣ ሐኪሙ ቆሞ፣ «ዛሬ አልወርድም» ያለች ልጅም ሳታፍር ወደ ማረፊያዋ የምትመለስበት ደንብ ተጽፎ መገኘት አለበት። ጊዜው ደግሞ አሁን፣ በረዶው ሳይወርድ ነው።